ከጉልበቴ ሥር የገባው ትራስ

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን ነው፤ ቤንዚን በኩፖን፣ ስኳር በቀበሌ ሰልፍ በሚገኝበት ጊዜ። ብዙ ዓመት አልፎታል። ግን ዛሬም የታመመ ሰው ልጠይቅ ገብቼ አልጋው ላይ የተደራረበ ትራስ ሳይ ግራ ጉልበቴን ድካም ድካም ይለዋል። ያመመኝ እየመሰለኝ እዳስሰዋለሁ። አላመመኝም። ድካሙ የዚያን ጊዜው ነው።

ያኔ በአንድ የመንግሥት የግንባታ ድርጅት የከባድ መኪና ሹፌር ነበርኩ። ጋራዣችን ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ቤቴ ደግሞ ቦሌ፣ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ በሚያወልቅበት ሰፈር ውስጥ ነው። ከባለቤቴ ከአስካለ ጋር ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ እንኖር ነበር። ልጅ ገና አልወለድንም።

ለወዝአደሮች ቀን የጋራዥና የንብረት ክፍል ሠራተኞች ኳስ ይጋጠሙ ተባለ። አርባ ሊሞላኝ ትንሽ የቀረኝ ሰው ነበርኩ፤ ኳስ ከነካሁ ዘመን አልፎኛል። ግን ያኔ “አልጫወትም” ማለት ቀላል አልነበረም። የሠራተኛ ማኅበራችን ጓድ ሊቀመንበር ስምህን አንዴ ካነበበ አነበበ ነው። ሮጬ እንደማላዋጣ ስላወቁ በረኛ አደረጉኝ።

ኳሷ ስትመጣ ዞር አልኩ። እግሬ መሬት ላይ እንደተተከለ ቀረ፤ የዞረው ሰውነቴ ብቻ ነው። ጉልበቴ ውስጥ ቀጭን ደረቅ እንጨት ሲሰበር ዓይነት ድምፅ ተሰማኝ። ጎሉም ገባ።

ያው እንደ ሁሉም ሰው መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ሄድኩ። አሸኝ፣ አሰረኝ፣ እብጠቱ ጎደለ። ዳንኩ ብዬ ሥራ ገባሁ። ግን ጉልበቱ የድሮው ጉልበቴ አልሆነም። ቀጥ ባለ መንገድ ስሄድ ደህና ነው፤ ዞር ስል፣ ከመኪናው ስወርድ፣ ደረጃ ላይ ስረግጥ ድንገት ይከዳኛል። አንድ ቀን ቦሌ መንገድ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ በቁሜ ወደቅሁ። አንዲት ሴትዮ “ይሄን ያህል በጠዋቱ?” ብላ አልፋኝ ሄደች። የጠጣሁ መስሏት ነው።

በመጨረሻ፣ ከግጥሚያው ብዙ ወራት በኋላ፣ ከከተማው ሆስፒታሎች በአንዱ አንድ የውጭ አገር ሐኪም አየኝ። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር ለተወሰነ ጊዜ የመጣ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያልጠገበ የሚመስል ሰው ነበር። ሲስተር ማርታ የምትባል ነርስ ታስተረጉምልናለች። በጀርባዬ አስተኝቶ ጉልበቴን አጠፈውና ቅልጥሜን በሁለት እጁ ይዞ ወደራሱ ሳበው። ቅልጥሜ እንደ መሳቢያ ወደ ፊት ተንሸራተተ። የራሴ እግር እንዲህ ሲሆን አይቼ ደነገጥኩ።

ከዚያ አቆመኝና ከታፋዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በእስክሪብቶ መስመር አሰመረ። መስመሩ ጉልበቴ ላይ ሲደርስ ይሰበራል።

“ዳሌህ፣ ጉልበትህና ቁርጭምጭሚትህ ባንድ መስመር መቆም አለባቸው ይልሃል” አለች ሲስተር ማርታ። “አጥንቶቹን አስተካክሎ የሚይዛቸው የውስጥ ጅማት ተበጥሷል። ለዚህ ነው አንዱ ባንዱ ላይ የሚንሸራተተው።”

ለኔ የገባኝ በመኪና ነው። የፊት ጎማው ወደ ውስጥ የሚያይ መኪና መንገድ አይዝም፤ ጎማውንም ባንድ ጎን ይበላዋል። ሲስተር ማርታ ይህን ስትነግረው ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ቀዶ ጥገናውን ሠራልኝ። ከጉልበቴ ሎሚ በታች ካለው ጅማት ቀጭን ቁራጭ ወስዶ በተበጠሰው ምትክ አስገባው። ከኋላ በኩል በግማሽ ጄሶ ታስሬ ሰነበትኩ። ጄሶው ሲነሳ እንደገና ቅልጥሜን ይዞ ሳበው፤ ንቅንቅ አላለም። ሲስተር ማርታ ደስ ብሏት ጭብጨባ ቢጤ ሞከረች።

ሐኪሙ ግን ገና አልተደሰተም። አስካለንም ጠርቶ አጠገቡ አቆማትና ቀስ እያለ ተናገረ። እግሩ ተዘርግቶ ይተኛ። ከጉልበቱ ሥር ምንም ነገር እንዳይገባ። ትራስ የሚደረገው ከተረከዙ ሥር ነው፤ ጉልበቱ ባየር ላይ ይንጠልጠልና በራሱ ክብደት ወደ ታች ይውረድ። ያማል፤ ይመመው። አሁን ታጥፎ ከለመደ ታጥፎ ይቀራል።

“መኪና እነዳለሁ?” አልኩት።

“ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ ትነዳለህ።”

ግራ እግሬ ነው። የከባድ መኪና ፍሪሲዮን የሚረገጠው በግራ ነው፤ የኔው መኪና ፍሪሲዮን ደግሞ ሩቅ ነው፣ እግር ቀጥ ብሎ እስከ ወለሉ ካልተረገጠ ማርሽ አይገባም። ጉልበቴ ለመዘርጋት ትንሽ እንኳን ከጎደለው ሹፌርነቴ አበቃ ማለት ነው። ከወጣትነቴ ጀምሮ ከመሪ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም።

ቤት እንደገባሁ ጠያቂው ጀመረ።

በኛ አገር ታሞ መተኛት ማለት እንግዳ መቀበል ማለት ነው። የዕድሩ ሰዎች መጡ፣ የጋራዡ ሰዎች መጡ፣ አስካለ ከምትሠራበት ስፌት ፋብሪካ ሴቶቹ ተሰብስበው መጡ፣ የአገሬ ልጆች ከየሰፈሩ መጡ። መኪና ያላቸው ቤንዚን ቆጥበው፣ የሌላቸው በእግራቸው መጡ። ሁሉም ብርቱካን ይዘዋል። ሁሉም “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ይሉኛል። ይህን ተረት ያን ጊዜ የሰማሁትን ያህል በሕይወቴ አልሰማሁትም። የእንቁላሉ ነገር እስኪያስጠላኝ ድረስ።

ሁሉም ደግሞ እግሬን ያያሉ። ተረከዜ ትራስ ላይ ነው፣ ጉልበቴ ባየር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ፊቴ ተጨማዷል። ይህን አይቶ ዝም የሚል ሐበሻ ከየት ይመጣል?

“ኧረ በሕግ አምላክ! ይሄ እግር እንዲህ ተሰቅሎ?” ይላሉ። ትራሱን ከተረከዜ ሥር ይስቡና ከጉልበቴ ሥር ይወትፉታል። አንዳንዱ አይበቃውም፤ ከራስጌዬ ያለውንም ይደርብልኛል። ውሸት አልወድም፤ ትራሱ ሲገባ ዕፎይ እል ነበር። ቋንጃዬን የወጠረው ነገር ሁሉ ይላላል። ለትንሽ ጊዜም ቢሆን ሰው እሆናለሁ።

አስካለ ትከላከላለች። “ሐኪሙ ከልክሏል እኮ” ትላለች።

የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች መልስ የተዘጋጀ ነው። “ሐኪሙ ፈረንጅ ነው። ፈረንጅ ምን አንጀት አለው? አንቺስ ልጄ፣ ባልሽ እኮ ነው!”

እትዬ ዘነበች ክፉ ሴት አልነበሩም። አስካለ ሥራ ስትሄድ ምሳዬን የሚያቀርቡልኝ፣ ደጃችንን የሚያዩልን እሳቸው ናቸው። ችግሩ ደግነታቸው ነው፤ ደግነታቸውን ደግሞ የሚመልሰው አጥር የለም። አስካለ ትራሱን ስታወጣ እሳቸው ይመልሳሉ። እሳቸው ሲወጡ ሌላ ጠያቂ ይገባል። ውሎ አድሮ ሰፈሩ ውስጥ ወሬ ተነሳ፤ አስካለ ባሏን ታሰቃያለች፣ አንጀት የላትም፣ ትራስ እንኳን ትነፍገዋለች ተባለ።

አንድ ቀን ጠያቂዎቹ ከወጡ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። “ወይ እግርህ ይዳን፣ ወይ ስሜ ይትረፍ” አለችኝ። “ሁለቱን አልቻልኩትም።”

በር መዝጋት አይቻልም ነበር ወይ የሚል አይጠፋም። ጠያቂ ላይ በር የዘጋ ሰው ነገ ሲሞት ማን ያነሳዋል? አለቃዬም ጠያቂ ሆኖ መጣና ትራሱን በገዛ እጁ አስተካክሎልኝ፣ “በፍጹም እንዳትሰጋ፤ መንዳቱ ባይሆን ጥበቃ ክፍል ቦታ አይጠፋም” ብሎ አጽናናኝ። ከመጣው ማጽናኛ ሁሉ ያን ቀን የሰማሁት ነው ያቃጠለኝ። ጋራዡ በር ላይ ዱላ ይዤ ቆሜ፣ የራሴን መኪና ሌላ ሰው ነድቶት ሲወጣ በር ስከፍትለት ታየኝ።

የሐኪሙ ቀጠሮ ደረሰ። ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ “ዘርጋ” አለኝ። ዘረጋሁ። ዘረጋሁ መሰለኝ እንጂ አልተዘረጋም። ሐኪሙ ጡጫውን ጨብጦ ከጉልበቴ ሥር አሳለፈው። ጡጫው ምንም ሳይነካው ወዲያ ማዶ ወጣ።

“ምን አድርጋችሁት ነው?” አለች ሲስተር ማርታ፣ ሐኪሙ ሳይጠይቅ በራሷ። አስካለ መሬት መሬት ታያለች።

“ጠያቂ ነው” አልኩ።

ሲስተር ማርታ ለሐኪሙ ረዘም አድርጋ አስረዳችው። እሱም መነጽሩን አውልቆ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ምን እንዳለ ስጠይቃት፣ “እነዚህ ሰዎች ሁሉ የሚመጡት ስለሚወዱት ነው? ታዲያ ለምን ይጎዱታል? ነው የሚለው” አለችኝ።

ከዚያ የመጣው ቁርጡ ነው። ጅማቱ ይዟል፤ አጥንቶቹም በቦታቸው ናቸው። ግን ቋንጃዬ እየጠነከረ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ካልተዘረጋ እንደዚሁ ታጥፎ ይደርቃል። እግሬ ያጥራል፣ አነክሳለሁ፣ መስመሩም እንደገና ይሰበራል። ሌላ ቀዶ ጥገና ያስፈልግ ይሆናል፤ እሱ ግን ክረምት ሲገባ ወደ አገሩ ይመለሳል።

አውቶቡስ ውስጥ አስካለ እግሬን ሰው እንዳይገፋብኝ ከፊቴ ቆመች።

በማግሥቱ ቤቱ እንደገና በጠያቂ ሞላ። የቀጠሮውን ወሬ ሰምተው የባሰ አዝነው ነው የመጡት። እኔ ደክሞኛል። ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ እመስላለሁ፤ ያም ቢሆን አያስጥልም፣ “ተኝቷል፣ ቀስ ብላችሁ ትራሱን ደግፉለት” ይባላል።

በዚህ መሃል ነው አንዲት ቀጭን አሮጊት የገቡት። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፤ ኮንጎ ጫማቸው ቀይ ጭቃ ይዟል። “እግዜር ይማርህ ልጄ” ብለው ብርቱካናቸውን አስቀመጡ። አላወቅኋቸውም። የአስካለ ወገኖች የደሴ ሰዎች ናቸው፤ በሠርጋችን ያየኋቸውን እንኳን ለይቼ አልጨረስኳቸውም። ከነዚያ አንዷ ናቸው አልኩ። አስካለም ብድግ ብላ ደህናውን ወንበር አቀረበችላቸው። ባላውቃቸውም የሷ ናቸውና ቀና ለማለት ሞከርኩ።

እትዬ ዘነበች እንደልማዳቸው ትራሱን ከተረከዜ ወደ ጉልበቴ አዛወሩት። አሮጊቷ ከወንበራቸው ሆነው ያያሉ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ተነሡና ትራሱን ጎትተው አወጡት።

“ማን ነው ይህን ያደረገው?”

“እኔ ነኝ” አሉ እትዬ ዘነበች። “ምነው?”

“ልጅሽ ነው?”

“እንደ ልጄ ነው።”

“እንግዲያ እንደ ልጅሽ ከሆነ አታጉድዪው።”

እትዬ ዘነበች ወደኔ አዩ። እኔ ወደ አስካለ አየሁ። አስካለ ወደኔ። የአማት ወገን፣ ያውም ሽማግሌ፣ ሲናገር ማን አፉን ይከፍታል? ለሐኪሙ ያልተበገሩት እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ሰብስበው ቁጭ አሉ።

አሮጊቷ ትራሱን ከተረከዜ ሥር አደረጉ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ሁለቱንም መዳፋቸውን ከጉልበቴ ከፍ አድርገው ታፋዬ ላይ ጫኑ። ቀስ እያሉ ክብደታቸውን ለቀቁብኝ። ጮህኩ።

“ጩህ” አሉኝ። “መጮህ አልተከለከለም።”

ከዚያ ቀን በኋላ እየተመላለሱ መጡ። ጠያቂው ሳይበዛ ገብተው፣ በርጩማቸውን ከጉልበቴ ጎን አስጠግተው ይቀመጣሉ። የመጣው ሰው እጁን ወደ ትራስ ሲሰድ ዓይናቸውን ያነሳሉ፤ በቃ ነው። እትዬ ዘነበች ደግሞ ራሳቸው ሰው ጆሮ ላይ ጠጋ ብለው “የአማቶቹ ወገን ናቸው፤ አይቀልዱም” ይሉ ጀመር። የአስካለ ስም በዚያው ተረፈ። ጭካኔው ከሷ ወደ አሮጊቷ ተዛወረ፤ አሮጊት ቢጨክን ደግሞ ማንም አይገርመውም።

ጥሩ ጊዜ ነበር አልልም። ያማል፤ ውሎው አያልቅም፤ ጠያቂው ያወራል፣ እኔ ላብ ያጠምቀኛል። አንዳንዴ እሳቸው ባይመጡ እያልኩ እመኝ ነበር። ይመጣሉ። ወሬ አያበዙም። ከጉልበቴ ሥር መዳፋቸውን ሰደድ አድርገው “ዛሬም ያልፋል” ይላሉ። ነገም “ዛሬም ያልፋል” ይላሉ። አስካለ ስለቤተሰባቸው ነገር ለማንሳት ስትሞክር “ልጅ አለኝ” ብለው ዝም አሉ። ጥያቄ እንዳልወደዱ ገባት። ማን እንደሆኑ መጠየቅማ ከቶ አይታሰብም፤ የአማት ወገንን “ማን ነዎት?” ከማለት የበለጠ ስድብ የለም።

አንድ ቀን መዳፋቸውን ከጉልበቴ ሥር ሊሰዱ ሞከሩ፤ አልገባም። በጣታቸው ሞከሩ። ፍራሹና ቋንጃዬ ገጥመዋል። ጎንበስ አሉና ጉልበቴን ሳሙት። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ሐኪሙ ሻንጣውን ሳይዘጋ ደረስኩበት። አቁሞ እንደ በፊቱ መስመር አሰመረ፤ ከታፋዬ ተነሥቶ ሳይሰበር ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። የአስካለን እጅ ጨበጠ። እኔን ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ሄደ። ዳግም አላየሁትም።

እግሬ ጸንቶ ሥራ ጀምር የተባልኩ ቀን ጋራዥ ገብቼ ወደ መኪናዬ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ከበበኝ። ፍሪሲዮኑን ረገጥኩት። ወረደ፣ ወረደ፣ ወለሉን ነካ። ማርሹ ገባ። አጨበጨቡልኝ። እኔ ግን ግንባሬን መሪው ላይ አስደግፌ ቁጭ አልኩ። ደስታ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የመጣው ድካም ነው። ያ ሁሉ ቀን ባንዴ ተጫነኝ።

ማታ አስካለ፣ “ታሞ የተነሳ እግዜርን ረሳ እንዳይሆንብን። እኚያን አክስትህን ሄደን እናመስግናቸው እንጂ” አለችኝ።

“የማንን አክስት?”

“ያንተን ነዋ።”

“የኔ? ያንቺ አይደሉም እንዴ?”

ተያየን። አስካለ አማተበች። ለሷ ነገሩ ወዲያው ግልጽ ሆነላት፤ መልአክ ነው የተላከልን አለች። እኔ ግን የኮንጎ ጫማቸውን ጭቃ አውቀዋለሁ፤ የገርጂ ጭቃ ነው። መልአክ ከገርጂ በእግሩ አይመጣም።

ነገሩን የፈታልን መምህር ግርማ ነው። ከኛ ቤት ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚኖር የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር። እኔ በተኛሁበት ሰሞን ከጣሪያ ወድቆ እግሩን ተሰብሮ፣ በጄሶ ታስሮ ከርሟል። እኔም የጠያቂነት ተራዬ ደርሶ ልጠይቀው ሄድኩ። እግሬን አይቶ፣ “እማማ ጽጌ አቀኑልህ አይደል?” አለኝ።

ተማሪው የነበረ የአንድ ልጅ እናት ናቸው። መምህሩ እግሩን ተሰበረ ሲባል ሰምተው ሊጠይቁት ከገርጂ መጡ። ቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ የቆሙትን “እግሩን የታመመው ሰውዬ ቤት የቱ ነው?” ብለው ጠየቁ። ሰፈሩ ውስጥ እግሩን የታመመ ሲባል በወሬ የገነንኩት እኔ ነበርኩ። ወደኛ ቤት ጠቆሟቸው።

“መሳሳታቸውን ገና ሲቀመጡ ነው ያወቁት” አለኝ መምህር ግርማ። “ከናንተ ቤት ወጥተው ወደኔ መጡ። ‘ይቅርታ ብዬ ልወጣ ስል ትራሱን አየሁት’ አሉኝ።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩንም?”

“እኔም ብያቸው ነበር። ‘ዘመድ መስዬአቸው ሰሙኝ፤ ባዳ መሆኔን ካወቁ ማን ይሰማኛል?’ ነው ያሉኝ።”

ከዚያ የልጁን ነገር ነገረኝ። ይልማ ይባላል። ከጦር ግንባር ጉልበቱን ቆስሎ ነው የተመለሰው። ቁስሉ ድኗል። እናቱ ግን ልጃቸው ሲያቃስት አላስችል ብሏቸው፣ ተኝቶ በከረመበት ጊዜ ሁሉ ትራስ ከጉልበቱ ሥር አላነሱም። የራሳቸውን ትራስ ነው የሰጡት፤ እሳቸው ያለ ትራስ ይተኙ ነበር። ጉልበቱ እንደታጠፈ ደረቀ። ሆስፒታል ሲመልሱት ጊዜው አልፏል ተባሉ። ልጁ ከቤት አይወጣም፤ እናቱንም ብዙ አያናግርም።

እሑድ ዕለት ከአስካለ ጋር የወሩን ስኳራችንን ይዘን ወደ ገርጂ ሄድን። ያኔ ገርጂ ገና እርሻ ነው፤ ቤቱ እዚህ አንድ እዚያ አንድ ነው። እማማ ጽጌ ደጃቸው ላይ ሲያዩን እንደ ጥፋተኛ ደነገጡ። “ልጆቼ፣ ተቀየማችሁኝ?” ነበር የመጀመሪያ ቃላቸው። አስካለ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

ይልማ ግድግዳውን ተደግፎ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። መልከ መልካም ወጣት ነው። አንድ እግሩ መሬት ረግጧል፤ ሌላው ከጉልበቱ ታጥፎ ቀርቷል፣ የጣቶቹ ጫፍ ብቻ ነው መሬት የሚነካው። እኔን ፊት ለፊቱ አስቀመጡኝ።

ከተቀመጥኩ ጀምሮ እግሬን የማደርግበት ጠፋኝ። በዚያ ሁሉ ስቃይ የተዘረጋውን እግር አጥፌ ከወንበሩ ሥር ደበቅሁት። ስለ ዝናብ አወራን፣ ስለ መምህር ግርማ አወራን። ጉልበቴ ይጠዘጥዘኝ ጀመር፤ ብዙ ጊዜ ታጥፎ መቀመጥ ገና አልለመደም። አልዘረጋሁትም። እንዴት ብዬ?

ይልማ፣ “ጋሼ፣ እናቴ ስትመላለስ የከረመችው እርስዎ ጋ ነው?” አለኝ።

“አዎ።”

“እስቲ ይዘርጉት።”

ወደ እማማ ጽጌ አየሁ። ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረዋል። ማንም አልረዳኝም። እግሬን ከወንበሩ ሥር አውጥቼ ቀስ ብዬ ዘረጋሁት፤ ተረከዜ እስከሱ አግዳሚ ደረሰ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

ይልማ ጎንበስ አለ። እጁን ከጉልበቴ በላይ አሳረፈና ቁልቁል እስከ ቁርጭምጭሚቴ አስኬደው። ከጉልበቴ ሥርም ዳሰሰ። ፊቱ ላይ ቅናት እፈልግ ነበር፤ አላገኘሁም። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ እናቱ ዞረ።

“እማዬ፣ ቀጥ ብሏል እኮ” አላቸው። “በቃ፤ ይብቃሽ።”

እማማ ጽጌ በሩ መቃን ላይ እንደቆሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። አስካለ ልትይዛቸው ስትነሳ ይልማ ቀደማት። በጣቶቹ ጫፍ እያነከሰ ሄዶ አቀፋቸው።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ነዳሁ። አሰብም ወረድኩ፣ ጎጃምም ወጣሁ፣ ጉልበቴ አንድ ቀን አልከዳኝም። ሰው ጤናህ እንዴት ነው ሲለኝ ተመስገን እላለሁ። ግን ሙሉ ደስታ ተሰምቶኝ አያውቅም። በዚህ እግር ላይ የፈሰሰው ጉልበት ለሌላ እግር የታሰበ ነበር፤ ቀድሞ ቢደርስ ኖሮ የሚቃናው የይልማ ነበር። አሁን ሳስበው፣ እኔን ያዳነኝ የአንዲት እናት ጸጸት ነው። ለዚያ ምን ተብሎ እንደሚመሰገን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።